ቀለበቱ "ደህና ነኝ" እያለ ግማሹ ፋብሪካ ጠፋ፤ ኢአርፒኤስ የሚያውቅ ይርዳኝ

የጠባሴው_ልጅ (ደብረ ብርሃን) · ማክሰኞ ከምሽቱ 2:40

ሰላም ቤተሰብ። ጽሑፉ ረዘም ይላል፣ ታገሱኝ።

እዚህ ደብረ ብርሃን አንድ ፋብሪካ ውስጥ ኔትወርኩን የምይዘው እኔ ነኝ። ግቢው ሰፊ ነው። ስድስት ማኔጅድ ስዊች (በኮንፊግ የሚታዘዝ የኔትወርክ ማገናኛ) አለን። 1 ሰርቨር ክፍል፣ 2 መጋዘን፣ 3 ቦይለር ቤት፣ 4 ማምረቻው፣ 5 ማሸጊያው፣ 6 ቢሮው። ከ6 የሚነሳው ገመድ ዞሮ 1 ላይ ይገባል፣ ቀለበት ማለት ነው። ስድስቱም ላይ ኢአርፒኤስ (አንድ ቦታ ሲቆረጥ ዳታውን በሌላው ዙር የሚያሳልፍ የቀለበት ደንብ) አድርጌያለሁ። ኦነሩ (ዳታው ዙሪያውን እንዳይሽከረከር አንዱን ሊንክ ዘግቶ የሚይዘው፣ ሲቆረጥ የሚከፍተው ስዊች) 1 ነው። በሰላሙ ጊዜ የሚዘጋው ሊንክ ከ1 ወደ 6 የሚሄደው ነው።

ስገጥመው ሞክሬዋለሁ። መጋዘን ሄጄ 2 ላይ ገመዱን መዘዝኩት። ፒንጉ (መንገዱ መኖሩን የሚሞክረው ጥሪ) አንዴ ዘለለና ቀጠለ። መልሼ ሰካሁት፣ ሁሉም ሰላም። በቃ ተሳካ ብዬ ለኃላፊዬም ነገርኩት።

ባለፈው ሐሙስ ለውሃ ቧንቧ ሲቆፍር የነበረ እስካቫተር በ4 እና በ5 መካከል ያለውን ፋይበር በጠሰው። ስልክ ሲደወልልኝ አልደነገጥኩም፣ ቀለበት አለና። ግን ማሸጊያውም ቢሮውም ድርግም ብለው ጠፉ። መለያ የሚያትመው ማሽን ቆመ። ሠራተኛው እጁን አጣጥፎ ተቀመጠ፣ ካርቶኑ እስከ በሩ ድረስ ተከመረ። ሁለት ሰዓት ተኩል እንዲህ ሆነን ቆየን።

የገረመኝን ልንገራችሁ። 4 ላይ ሄጄ ሳይ ፖርቱ አረንጓዴ ያበራል። 5 ላይም አረንጓዴ። በኮንሶል ገብቼ የቀለበቱን ሁኔታ ስጠይቅ ስድስቱም "አይድል" (ሁሉም ሰላም) ይላሉ። የተበጠሰው ፋይበር ጉድጓዱ ውስጥ ተንጠልጥሎ በዓይኔ እያየሁት ነው። ደግሞ 5ን አጥፍቼ ስጠብቅ ቢሮው በራሱ ተመለሰ! ደስ ብሎኝ 5ን መልሼ አበራሁት። ቢሮው አምስት ደቂቃ ያህል ሠራና እንደገና ጠፋ። ሦስት ጊዜ ደገምኩት፣ ሦስቱንም ጊዜ ያው።

ምንድን ነው ያጠፋሁት? ስዊቾቹ ናቸው የተበላሹት ወይስ ኮንፊጉ?

——

ቻቻ_08 · ማክሰኞ ከምሽቱ 3:05

አይዞህ ወንድሜ። እኔ የምጠረጥረው ኦነር ሁለት ቦታ አድርገህ ይሆናል። አንድ ቀለበት አንድ ኦነር ብቻ ነው ያለው። 1 ላይም 4 ላይም ኦነር ካልክ ሁለቱም የራሳቸውን ሊንክ ይዘጋሉ፣ መሐል ያሉት ደሴት ሆነው ይቀራሉ። እስቲ ስድስቱንም አንድ በአንድ እይ።

——

የመሐል_ሜዳዋ · ማክሰኞ ከምሽቱ 3:30

ሁለት ኦነር ቢሆን ኖሮ ከሐሙስ በፊትም አይሠራም ነበር። ደሴቱ ከመጀመሪያው ቀን ይታይ ነበር።

ወንድም ዓለም፣ መልሱን አንተው ጽፈኸዋል። "አምስት ደቂቃ" ያልከውን ልብ በል። ኢአርፒኤስ ውስጥ የተበላሸ ነገር ሲስተካከል ኦነሩ ወዲያው ወደ ቀድሞው አይመለስም፣ የሚጠብቅበት ሰዓት ቆጣሪ አለው። ደብሊውቲአር ነው የሚባለው። ከ1 እስከ 12 ደቂቃ ይሞላል፣ ካልነካኸው 5 ደቂቃ ነው። ስለዚህ የሆነው ይሄ ነው። 5ን ስታጠፋው 6 ከ5 ጋር ያለው ሊንክ መውደቁን አየ። "ሊንክ ወድቋል" ብሎ ለኦነሩ ላከ። ኦነሩ ከ1 ወደ 6 ያለውን መንገድ ከፈተ። ቢሮህ የተመለሰው በዚያ ነው። 5ን ስታበራው 6 "ተስተካክሏል" አለ፣ ኦነሩ አምስት ደቂቃ ቆጠረና መንገዱን ዘጋ። ቢሮህ ጠፋ።

ስለዚህ ኦነሩ ጤነኛ ነው፣ መልእክቱም ይተላለፋል። ኮንትሮል ቪላንህም (በዚያው ገመድ ላይ ለቀለበቱ መልእክት የተለየው ኔትወርክ) ደህና ነው ማለት ነው፣ ቢያንስ በዚያ በኩል። የተሰበረው የቀለበቱ አሠራር አይደለም። 4 እና 5 ፋይበሩ መበጠሱን አላወቁም፣ ችግሩ እሱ ነው። የማያውቁትን አይናገሩም።

አንድ ጥያቄ ብቻ አለኝ። በ4 እና በ5 መካከል ፋይበሩ ስዊቹ ላይ በቀጥታ ነው የሚሰካው ወይስ በመሐል ሌላ ዕቃ አለ?

——

የጠባሴው_ልጅ · ማክሰኞ ከምሽቱ 3:48

አለ! ሚዲያ ኮንቨርተር (ፋይበርን ወደ መዳብ የሚቀይር ሣጥን) አለ። 4 እና 5 ላይ የኤስኤፍፒ (የፋይበር መሰኪያ) ቀዳዳዎቹ ስላለቁ ፋይበሩ ኮንቨርተር ውስጥ ይገባል፣ ከኮንቨርተሩ በአጭር የመዳብ ገመድ ወደ ስዊቹ። ሁለቱም ጫፍ እንደዚያ ነው። ሌሎቹ ሊንኮች በቀጥታ ናቸው።

——

ከጣርማበር_ማዶ (ደብረ ሲና) · ማክሰኞ ከምሽቱ 4:20

አይ ልጄ፣ ነገሩ ይሄው ነው። የመሐል ሜዳዋ እህታችን ልክ ብላለች፣ እኔ ልጨምርበት። በዚህ ሥራ ላይ ብዙ ዓመት ቆይቻለሁ፣ ይቺ ትንሽ ሣጥን ያስለቀሰችው ሰው ብዙ ነው።

ስዊችህ የሚያየው ያቺን የአንድ ክንድ የመዳብ ገመድ ነው። ገመዷ ከኮንቨርተሩ ጋር እስከተያያዘች፣ ኮንቨርተሩም መብራት እስካለው ድረስ ፖርቱ አረንጓዴ ነው። ከኮንቨርተሩ ወዲያ ፋይበሩ ይበጠስ አይበጠስ ስዊቹ በምን ይወቅ? ኦነሩ ደግሞ "ወድቋል" የሚል መልእክት ካልደረሰው የዘጋውን መንገድ አይከፍትም። ስለዚህ በ4 እና በ5 መካከል ፋይበሩ ተቆርጧል፣ በ1 እና በ6 መካከል ደግሞ ኦነሩ ዘግቷል። 5 እና 6 በሁለት ግድግዳ መሐል ታሰሩ።

መጋዘን ላይ ያደረግከው ሙከራ ውሸት አልነበረም። ግን የሞከርከው በቀጥታ የተሰካውን ሊንክ ነው። እስካቫተሩ የሞከረው ሌላውን ነው።

አሁን መፍትሔው። ነገ ጠዋት ኮንቨርተሩን ገልብጠህ እይ። ብዙዎቹ ጎናቸው ወይ ሆዳቸው ላይ ትንንሽ ማብሪያዎች አሏቸው። ከነሱ አንዷ ኤልኤፍፒ ወይም ኤልኤልኤፍ ትባላለች። እሷ ስትበራ ኮንቨርተሩ ፋይበሩ ሲሞት የመዳቡንም ሊንክ ራሱ ያወርደዋል። ያኔ ስዊቹ ያያል። ከፋብሪካ ሲመጣ ብዙ ጊዜ ጠፍታ ነው የምትመጣው።

——

የጠባሴው_ልጅ · ረቡዕ ከጠዋቱ 3:10

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። አሁን ከጣቢያው ተመለስኩ። 4 ላይ ያለው ኮንቨርተር ማብሪያዋ አለችው፣ ጠፍታ ነበር፣ አብርቼያታለሁ። 5 ላይ ያለው ግን ሌላ ሥሪት ነው። ገልብጬ ገላብጬ አየሁት፣ ምንም የለውም። አንዱ ጫፍ ብቻ ቢሆን ይበቃል?

——

ከጣርማበር_ማዶ · ረቡዕ ከቀኑ 6:30

ሙሉ ገመዱ ከተቆረጠ ይበቃል። አንዱ ወገን ካየ እሱው ይናገራል፣ ኦነሩ ይከፍታል። ሁለቱም መጮህ የለባቸውም።

የሚያስፈራኝ ግን አንዱ ክር ብቻ ሲበጠስ ነው። ፋይበርህ ጥንድ ነው፣ አንዱ ለመሄጃ አንዱ ለመምጫ። ከ4 ወደ 5 የሚሄደው ክር ብቻ ቢበጠስ መቀበል ያቃተው የ5 ኮንቨርተር ነው። እሱ ደግሞ ማብሪያ የለውም፣ ዝም ይላል። 4 ጋ ያለው ከ5 የሚመጣውን ብርሃን እያገኘ ስለሆነ እሱም ደህና ነኝ ይላል። ተመልሰህ የሐሙሱ ነገር ውስጥ ትገባለህ። አይጥ የቆረጠው፣ ስፕላይሱ (መቀጠያው) የላላ፣ ፓች ኮርዱ (አጭሯ መሰኪያ ገመድ) የተጣመመ... አንድ ክር ብቻ የሚሞትበት አጋጣሚ ከእስካቫተር ይበዛል።

በቀጥታ ኤስኤፍፒ ላይ የተሰካ ጊጋቢት ፋይበር ቢሆን ይሄ ችግር አይኖርም ነበር። ኦቶ ኔጎሴሽኑን እስካላጠፋህ ድረስ አንዱ ወገን መቀበል ሲያቅተው ሌላውም ሊንኩን ያወርዳል። በጀት ስታገኝ እነዚያን ሁለት ስዊቾች ኤስኤፍፒ በሚበቃቸው ለውጥ። እስከዚያው ሲሲኤም አድርግ።

——

ተመራቂ_ተማሪ (ደብረ ብርሃን) · ረቡዕ ከምሽቱ 1:15

ይቅርታ ጣልቃ ልግባ፣ የመመረቂያ ሥራዬ ስለዚህ ስለሆነ ነው። ሲሲኤም ማለት ሁለቱ ስዊቾች በየጊዜው "አለሁ" የሚባባሉበት ፍሬም ነው አይደል? ታዲያ ኢአርፒኤስ ራሱ በየ5 ሰከንዱ መልእክት ይልካል ተብሎ ተምረናል። ያ መልእክት ሲቋረጥ ለምን አያውቅም?

——

የመሐል_ሜዳዋ · ረቡዕ ከምሽቱ 2:00

ጥሩ ጥያቄ ነው፣ ብዙ ሰው እዚህ ጋ ይሳሳታል።

አዎ፣ ሁሉም ሰላም ሲሆን ኦነሩ በየ5 ሰከንዱ "ችግር የለም፣ መንገዴን ዘግቻለሁ" ይላል። ግን የኢአርፒኤስ ደንብ በሆነው ጂ.8032 ላይ ያ መልእክት ቢቀር "ሊንክ ተቆርጧል" ተብሎ አይተረጎምም። ሌሎቹ ከኦነሩ ድምፅ ማጣት ተነስተው ምንም አያደርጉም። መቆረጡን የሚናገረው ከተቆረጠው ቦታ አጠገብ ያለው ስዊች ብቻ ነው።

ኤምአርፒ የሚባለው ሌላው የቀለበት ደንብ ግን እንዲህ አይደለም። ኤምአርፒ ላይ ማናጀሩ የሙከራ ፍሬም በአንድ በኩል ይልክና በሌላ በኩል ዞሮ እስኪመጣለት ይጠብቃል። ካልመጣ ቀለበቱ የሆነ ቦታ ተቆርጧል ብሎ ይከፍታል። በ2003 (እ.ኤ.አ.) በሰነድ የወጣው ኢኤፒኤስ የሚባለው ደንብም እንደዚያው ነው። ኮንቨርተር ኖረ አልኖረ ለነሱ ግድ የላቸውም፣ ፍሬሙ ዞሮ መጣ ወይ ነው ጥያቄው። እኔ የምሠራበት ቦታ ኤምአርፒ ነው ያለው፣ በደንቡ እስከ 50 ዕቃ ባለው ቀለበት በ200 ሚሊሰከንድ ይመለሳል የሚለውን ነው የመረጥነው፣ ይበቃናል።

ኢአርፒኤስ ላይ ያንን ክፍተት የሚሞላው ሲሲኤም ነው። በእያንዳንዱ ሊንክ ሁለት ጫፍ ላይ አንድ አንድ ሜፕ (ሲሲኤም የሚልክና የሚቀበል ነጥብ) ታደርጋለህ። ሁለቱ ይጠራራሉ። ሦስት ተኩል ጊዜ ያህል ጥሪ ከቀረ ሊንኩ ሞቷል ይባላል። በየ3.33 ሚሊሰከንድ ከላክ በ12 ሚሊሰከንድ ገደማ ታውቃለህ። በየ100 ከላክ በ350። በየ1 ሰከንድ ከላክ 3.5 ሰከንድ ነው። ርካሽ ስዊቾች 3.33ን አይችሉም፣ ፕሮሰሰራቸው ይታነቃል፣ በውሸት ሊንክ ወደቀ እያሉ ቀለበቱን ያንቀጠቅጡታል። ከ100 ጀምር።

የጠባሴው ልጅ፣ ለአንተ ሦስት ነገር አደራ እላለሁ። የሁለቱ ሜፕ ቁጥር ይለያይ። የመላኪያ ጊዜያቸው አንድ ይሁን። ሦስተኛው ሰው ሁሉ የሚረሳው ነው፤ ሜፑን ሠርተህ ከቀለበቱ ፖርት ጋር ካላሰርከው ሲሲኤም ችግሩን እያየ ለኢአርፒኤሱ አይነግረውም። በብዙ ስዊቾች ማሰሪያው የሚገኘው ኢአርፒኤሱ ኮንፊግ ውስጥ ነው፣ ሲሲኤሙ የሚዋቀርበት ሲኤፍኤም ውስጥ አይደለም።

——

ተመራቂ_ተማሪ · ረቡዕ ከምሽቱ 2:25

እጅሽን ይባርከው እህቴ። እና ኢአርፒኤስ በ50 ሚሊሰከንድ ይመለሳል የሚባለውስ?

——

የመሐል_ሜዳዋ · ረቡዕ ከምሽቱ 2:50

50ው ቅድመ ሁኔታ አለው። ደንቡ የሚለው ከ16 ስዊች ያነሰ፣ ዙሪያው ከ1200 ኪሎ ሜትር ያነሰ የፋይበር ቀለበት፣ መጨናነቅ ሳይኖር ነው። የመዳብ ጊጋቢት ከሆነ ደግሞ ሊንኩ መውደቁን ለማወቅ ብቻ እስከ 750 ሚሊሰከንድ ሊፈጅ ይችላል። ገመዱ ሲመዘዝ ወዲያው የሚያውቅ ይመስለናል፣ አይደለም። ለካሜራና ለቢሮ ምንም አይደል። ለሚሽከረከር ማሽን ግን ልዩነት አለው። ስለዚህ የቀለበቱን ፖርቶች በተቻለ መጠን ፋይበር አድርጓቸው።

——

ሮቢት_ሙቀት (ሸዋ ሮቢት) · ሐሙስ ከጠዋቱ 2:20

እኔም ከራሴ የደረሰብኝን ላካፍላችሁ፣ የሌላ ሰው እንቅልፍ እንዳይሄድ።

ቀለበቴ አንድ ዓመት ያለምንም ችግር ሠራ። ከዚያ ካሜራ ተገዛና አዲስ ቪላን ከፈትኩ። 30 አልኩት። አምስቱም ስዊች ላይ በቀለበቱ ሁለት ሁለት ፖርት ታግ አድርጌ አሳለፍኩት። የመጨረሻውን ስዊች ኢንተር ስመታ ክፍሉ ውስጥ ያሉት መብራቶች በሙሉ አንድ ላይ መንቀጥቀጥ ጀመሩ። ሁሉም ፖርት፣ በአንድ ምት። አይታችሁት ካላወቃችሁ ላስረዳችሁ አልችልም። ስልክ ጠፋ፣ ኢንተርኔት ጠፋ፣ በኮንሶል ስጽፍ ፊደሉ ከግማሽ ደቂቃ በኋላ ነው የሚመጣው። ላብ አጠመቀኝ፣ እዚህ ቆላው ያለ ሰበብም ያልባል። መጨረሻ ላይ የቀለበቱን አንድ ገመድ መንጭቄ ነቀልኩ። ወዲያው ጸጥ አለ።

ምን ነበር? የምጠቀምበት ስዊች ኢአርፒኤስ የሚጠብቀው በኢንስታንስ ውስጥ የተዘረዘሩትን ቪላኖች ብቻ ነው። 30ን እዚያ ውስጥ አልጨመርኩም። ኦነሩ መንገዱን የዘጋው ለድሮዎቹ ነው። ለ30 መንገዱ ክፍት ነበር፣ ዙሪያውን ሉፕ። ቀለበቱ ላይ ደግሞ ስፓኒንግ ትሪ (ሉፕ የሚከላከለው ደንብ) ጠፍቷል፣ ኢአርፒኤስ ካለ መጥፋት አለበትና። የሚያቆመው ነገር አልነበረም።

ከዚያ ወዲህ አዲስ ቪላን ስከፍት መጀመሪያ ኢንስታንሱ ውስጥ ነው የማስገባው፣ አምስቱም ላይ። ፖርቱ ላይ የማሳልፈው ከዚያ በኋላ ነው። ቅደም ተከተሉን በፍጹም አልገለብጠውም።

——

ቻቻ_08 · ሐሙስ ከጠዋቱ 4:00

እኔን ግን አንድ ነገር ከነከነኝ። ይሄ ሁሉ ጣጣ ከሚመጣ አርኤስቲፒ (ፈጣኑን ስፓኒንግ ትሪ) አድርጎ መተኛት አይሻልም? እኔ ያለሁበት ግቢ አርኤስቲፒ ነው፣ ኮንቨርተርም አለን፣ እንዲህ ያለ ችግር ገጥሞኝ አያውቅም። በየሊንኩ በየ2 ሰከንዱ ሄሎ ይላላካል፣ ሦስት ጊዜ ከቀረ በ6 ሰከንድ ያውቃል። የጠባሴው ልጅ ያን ቀን አርኤስቲፒ ቢሆን ኖሮ የሚያጣው 6 ሰከንድ ነበር፣ ሁለት ሰዓት ተኩል አይደለም።

——

ከጣርማበር_ማዶ · ሐሙስ ከቀኑ 7:10

እውነትህን ነው፣ አልከራከርህም። ለቢሮና ለካሜራ ብቻ ቢሆን እኔም አርኤስቲፒ እለው ነበር። ግን ይሄ ልጅ ማምረቻ ውስጥ ነው ያለው። ማሽኖቹ የሚነጋገሩት በዚሁ ገመድ ላይ ከሆነ ስድስት ሰከንድ ዝምታ ለማሽኑ ረጅም ነው፤ ብዙዎቹ ግንኙነት ሲያጡ በራሳቸው ይቆማሉ፣ እንደገና ለማስነሳት ግማሽ ሰዓት ይፈጃል። ስለዚህ ኢአርፒኤሱን ይያዝ፣ ግን ሲሲኤም ይጨምርበት።

አርኤስቲፒውን ከግቢው ጨርሶ አታጥፋው ግን። የሚጠፋው በቀለበቱ ፖርቶች ላይ ብቻ ነው። ኮምፒውተርና ካሜራ የሚሰካባቸው ፖርቶች ላይ ይኑር፣ ሉፕ መከላከያም ይኑር። ኢአርፒኤስ የሚጠብቀው ቀለበቱን ነው፣ ከቀለበቱ ውጭ ያለውን አያውቅም። አንድ ጊዜ አንድ ቦታ ላይ ክፍል ሲያጸዱ ተነቅሎ መሬት ላይ የወደቀውን ገመድ ጫፍ አንድ ሰው በቅንነት ባገኘው ቀዳዳ ሰካው። የገመዱ ሌላኛው ጫፍም እዚያው ስዊች ላይ ነበር። ሕንፃው በሙሉ ተዘጋ፣ ቀለበቱ ግን "አይድል" ነበር።

ሌላው ደግሞ፣ ልጄ፣ የፋይበርህ መንገድ በየት በኩል ነው? ከ3 ወደ 4 የሚሄደውና ከ6 ወደ 1 የሚመለሰው አንድ ቦይ ውስጥ ነው የተቀበሩት? ይሄን የምጠይቅህ እኛ አካባቢ መንገዱ አንድ ስለሆነ ነው። ከደብረ ብርሃን ወደ ደብረ ሲና በጣርማበር በኩል ስትወርድ አንድ ወገን ገደል፣ አንድ ወገን ተራራ ነው፣ ጣልያን የቆፈረው ዋሻም አንድ ነው። እዚያ ላይ ሁለት ገመድ ብትዘረጋ ሁለቱም ጎን ለጎን መሄዳቸው አይቀርም፤ አንድ ናዳ ሁለቱንም ይወስዳል። በወረቀት ላይ ቀለበት፣ በመሬት ላይ አንድ ክር። የአንተ ግቢ ግን ሜዳ ነው፣ ምርጫ አለህ።

——

የጠባሴው_ልጅ · ሐሙስ ከምሽቱ 2:15

ጋሼ፣ ከቢሮው የሚመለሰው በአጥሩ በኩል ነው፣ ሌሎቹ በመሐል። የሚገናኙት ሰርቨር ክፍሉ በር ላይ ባለው ማንሆል ብቻ ነው፣ አስር ሜትር ያህል። እሱን ለጊዜው መለየት አልችልም። ማንሆሉ ላይ ግን ምልክት አደርጋለሁ፣ ቆፋሪ እንዲያውቀው።

እሑድ ፋብሪካው አይሠራም። ያን ቀን ሲሲኤሙን አስገብቼ ልሞክር ነው። ቀለበቱ ሳይፈርስ በምን ቅደም ተከተል ላድርገው? ፈርቻለሁ፣ እውነቱን ለመናገር። የሮቢቱ ታሪክ አሁንም ዓይኔ ላይ አለ።

——

ከጣርማበር_ማዶ · ሐሙስ ከምሽቱ 3:00

መፍራትህ ጥሩ ነው።

መጀመሪያ የስድስቱንም ኮንፊግ ወደ ላፕቶፕህ ገልብጥ። ከዚያ በ4 እና በ5 መካከል ያለውን ሊንክ አስቀድመህ አውጣው። ገመድ መንቀል አያስፈልግም፤ 4 ላይ በዚያ ፖርት ፎርስድ ስዊች የሚለውን ትእዛዝ ስጥ። ፖርቱ ይዘጋል፣ ኦነሩ የሱን ይከፍታል፣ ሁሉም ቦታ መንገድ አለው። ትእዛዙ በ2010 (እ.ኤ.አ.) በወጣው ሁለተኛው የጂ.8032 እትም ላይ አለ። ሁለቱ ሜፖች መስማማታቸውን ካየህ በኋላ ብቻ ከቀለበቱ ጋር እሰራቸው። ከዚያ ትእዛዙን አንሳ። ለሙከራው ደብሊውቲአሩን 1 ደቂቃ አድርገው፣ አለበለዚያ በየሙከራው አምስት አምስት ደቂቃ ስትጠብቅ ይመሽብሃል። ስትጨርስ ወደ 5 መልሰው፤ ለመንቀጥቀጥ ለሚመቸው ላላ ላለ ፋይበር አምስቱ ይሻላል።

ኮንፊጉን ሴቭ ማድረግ አትርሳ። ይሄን የምለው በከንቱ አይደለም። መብራት ጠፍቶ ሲመለስ አንዱ ስዊች ባዶ ሆኖ ከተነሳ ቪላኖቹ በሱ ላይ አያልፉም፤ ቀለበትህ እዚያ ጋ ተቆረጠ ማለት ነው።

ሙከራውን ደግሞ ፋይበሩ ላይ አድርገው። ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ ይባላል። ከኮንቨርተሩ አንዷን ክር ብቻ ንቀል። ከዚያ ሌላዋን። ከዚያ ሁለቱንም። የኮንቨርተሩንም የመብራት ሶኬት ንቀል፣ እሱም ይሞታልና።

——

ሮቢት_ሙቀት · ዓርብ ከጠዋቱ 3:40

ኮንቨርተሮቹ ውጭ ባለ ካቢኔ ውስጥ ከሆኑ የሙቀት ደረጃቸውንም እይ። ተራው ኤስኤፍፒ ከ0 እስከ 70 ዲግሪ ነው የሚባለው፣ የተራ ኮንቨርተር ላይኛው ብዙ ጊዜ ከዚያም ያንሳል። እኔ ጋ ላይኛው ነው የሚያሰጋኝ፣ አንተ ጋ ታችኛው። የእናንተ የኅዳርና የታኅሣሥ ውርጭ ሌሊት ላይ ከዜሮ ይወርዳል።

——

የጠባሴው_ልጅ · እሑድ ከምሽቱ 12:50

ቤተሰብ፣ ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ 9 ሰዓት እዚያው ነበርኩ። ልንገራችሁ።

ፎርስድ ስዊቹ ሠራ። አንድ ፒንግ እንኳ አልጠፋም። ሜፖቹን አደረግኩ፣ አሰርኳቸው፣ ትእዛዙን አነሳሁ... ቀለበቱ ከ"ፔንዲንግ" (እየጠበቀ ነው) ወደ "አይድል" መመለስ ሲገባው "ፕሮቴክሽን" (የተቆረጠ አለ) ብሎ ቀረ። እጄ ተንቀጠቀጠ። ሎጉን ሳይ 4 ከ5 ጥሪ እየጠፋብኝ ነው ይላል። 4 ላይ 100 ሚሊሰከንድ ብያለሁ፣ 5 ላይ እንደመጣው 1 ሰከንድ ሆኖ ቀርቷል። እህቴ፣ አደራ ያልሽኝ ሁለተኛው ነገር! አስተካከልኩት፣ ወዲያው ጸዳ። ከአንድ ደቂቃ በኋላ "አይድል" አለ።

ፒንጉን በየ10 ሚሊሰከንዱ እንዲልክ አድርጌ ከቢሮው ወደ ሰርቨሩ ለቀቅኩት። 4 ጋ ካለው ኮንቨርተር የመላኪያዋን ክር ብቻ ነቀልኩ። ኮንቨርተሩ አረንጓዴ ነው። ስዊቹ አረንጓዴ ነው። የ4 ፖርት አረንጓዴ፣ የ5 ፖርት አረንጓዴ። ልክ እንደዚያ ሐሙስ። ስክሪኑን ሳይ ግን ስድስቱም "ፕሮቴክሽን" ይላሉ፣ ፒንጉም እየሄደ ነው! የጠፋው ከማሸጊያው ወደ ሰርቨር በለቀቅኩት ሌላ ፒንግ 38 ፍሬ ነው። ከቢሮው የለቀቅኩትም ያንኑ ያህል፣ 37። እህቴ ያልሽው 350 እና ጥቂት ጭማሪ ነው ማለት ነው።

ሌላዋን ክር፣ 38። ሁለቱንም፣ 36። የኮንቨርተሩን ሶኬት ስነቅል ደግሞ የመዳቡ ሊንክ ራሱ ወደቀ። ስመልሳቸው ከአንድ ደቂቃ በኋላ መንገዱ ሲቀየር 1 ወይም 2 ፒንግ ነው የጠፋው።

ኦነር ሁለት እንዳልሆነም አይቻለሁ ቻቻ፣ አንድ ነው። ኢንስታንሱ ውስጥም ሁሉም ቪላን አለ፣ የሮቢቱ ወንድሜ። ስድስቱንም ሴቭ አድርጌ፣ 3ን አጥፍቼ አብርቼ ኮንፊጉ እንዳለ መነሳቱን አረጋግጫለሁ።

——

ተመራቂ_ተማሪ · እሑድ ከምሽቱ 1:20

በጣም ደስ ይላል! እኔ ግን አንድ ነገር ልጠይቅ። በሌሎቹ አራት ቀጥታ ሊንኮች ላይስ ሲሲኤም ያስፈልጋል?

——

የመሐል_ሜዳዋ · እሑድ ከምሽቱ 1:45

አራት አይደሉም፣ አምስት ናቸው፣ የ1 እና የ6 አለ። እሱን ነው ሰው የሚረሳው፣ ዝግ ስለሆነ ማንም አያየውም። ዝግ ሆኖ የሞተ ሊንክ ደግሞ በችግር ቀን ሲከፈት ባዶ ነው።

በቀጥታ ፋይበር ላይ ሊንኩ ራሱ ስለሚወርድ ግዴታ አይደለም። እኔ ብሆን ግን አደርገዋለሁ፤ ነገ አንዱ ኤስኤፍፒ ሞቶ ሌላ ሰው በችኮላ ኮንቨርተር ቢያስገባ ሲሲኤሙ እዚያው ይጠብቀዋል።

የጠባሴው ልጅ፣ ከ1 ወደ 6 ያለውን ፋይበር ነቅለህ ሞክረሃል?

——

የጠባሴው_ልጅ · እሑድ ከምሽቱ 2:05

አልሞከርኩም። እሱን ረሳሁት፣ እውነትሽን ነው። ሁሉም "አይድል" ስላለ ደህና መስሎኝ ነው። ነገ ከሥራ መግቢያ በፊት 12 ሰዓት ላይ እገባለሁ። የብርሃኑን መጠንም በሁለቱም ጫፍ ለክቼ እዚሁ እጽፋለሁ።

——

የጠባሴው_ልጅ · ሰኞ ከጠዋቱ 1:30

ሠራሁት። ስነቅለው ሊንኩ ወረደ፣ ስድስቱም አወቁ፣ ፒንግ አልተነካም። ግን የብርሃኑ መጠን 1 ጋ ሲደርስ -23 ዲቢኤም ነው (ከዜሮ በታች በራቀ ቁጥር ብርሃኑ ይደክማል)። ሌሎቹ ሁሉ ከ-7 እስከ -9 ናቸው። ያቺ ሐሙስ ኦነሩ ለአምስት አምስት ደቂቃ ሲከፍተው ሠርቷል፣ ለረጅም ጊዜ ቢከፍተው ኖሮ ግን በዚህ ብርሃን ምን ያህል እንደሚይዝ እንጃ። የስፕላይስ ባለሙያ ለረቡዕ ቀጥሬያለሁ፤ ያ አስር ሜትሩ ማንሆል ውስጥ ውሃ ገብቶ አግኝቼዋለሁ።